ከአሥመራ ጅዳ በአንድ ቀትር

ፋጡ ባሏን አብዶን መጠርጠር የጀመረችው በገዛ አባቷ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ስለ እሱ የሚወራውን ሁሉ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው የምታፈስ ሴት ነበረች። የነጋዴ ሚስት ሁሉንም ወሬ ልያዝ ካለች ቤት አይቆምም ትላለች።

አብዶ አሰላ ገበያ ዳር የእህል መጋዘን ነበረው። ከዲክሲስ ስንዴና ገብስ እየሰበሰበ ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው የጣሊያን ጭነት መኪና ጭኖ ናዝሬት ያራግፋል። ሥራው ከቤት የሚያርቀው ስለሆነ ፋጡ መጠበቅን ለምዳዋለች። በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ግን ከሌላው ጊዜ ሁሉ ለሚርቅ መንገድ ተነሣ። ሐጅ ሊያደርግ ነበር፤ ያውም በአውሮፕላን፣ ከአዲስ አበባ አሥመራ፣ ከአሥመራ ጅዳ።

በዚያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ሐጅ ያደረጉት ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሁሉም በእግርና በጀልባ ሄደው የመጡ። ከእነሱ በዕድሜም በክብርም የሚቀድሙት የፋጡ አባት ሀጂ ጉቱ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ከአርሲ ሐረር፣ ከሐረር ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ዘይላ በእግራቸው ወርደው፣ ከዘይላ በሸራ ጀልባ ተሻግረዋል። ከቤት ሲወጡ ታላቅ ወንድማቸው ቶላ አብሯቸው ነበር፤ ሲመለሱ ብቻቸውን ሆኑ። ቶላን ከጅጅጋ ማዶ ባለው በረሃ የውኃ ጥም ገድሎት እዚያው ቀብረውት መጡ። ሀጂ ጉቱ ይህን የሚያወሩት በአረፋ በዓል ዕለት ብቻ ነው፤ በሌላ ቀን የወንድማቸውን ስም ሲያነሡ የሰማ የለም።

አብዶ በሰኔ ጭቃ ተመለሰ። ከሄደ ወር አልሞላውም ነበር። አውቶቡሱ ገበያው ጫፍ ሲቆም መንዙማ የሚያዜሙ ሰዎች ዝናቡን ችለው ይጠብቁት ነበር። ገና ከደረጃው ሳይወርድ ነጭ ጥምጣም ጠመጠሙለት፤ ሀጂ አብዶ፣ ሀጂ አብዶ እያሉም ተቀበሉት። ከስቶ ፊቱ አመድ መስሏል። አንገቱን ደፍቶ በሰው መሀል ሲያልፍ ላየው ትሕትና ነው፤ ፋጡም የመንገድ ድካም ነው አለች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሀጂ ጉቱ ቤት ሰው ተሰበሰበ። አብዶ ያመጣው የዘምዘም ውኃ በትንሽ ጽዋ እየዞረ እያንዳንዱ አንዳንድ ጉንጭ ቀመሰ። ሀጂ ጉቱ ከቀመሱ በኋላ አማቻቸውን ቀና ብለው አዩት።

«ባሕሩ ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ቀን አልፈጀም፣ ሀጂ» አለ አብዶ። «አሥመራ ላይ የቀትሩን ዙሁር ሰግደን ተሳፈርን። ጅዳ ስንወርድ የተሲያቱ የአስር ሶላት ገና አላለፈም ነበር።»

«በዙሁርና በአስር መሀል ተሻገርኩ ነው የምትለው?»

«አዎ።»

«ባሕሩንስ አየኸው?»

«ከደመናው ሥር አየሁት። የተዘረጋ ሰማያዊ ጨርቅ ይመስላል። ከዚያ ከፍታ ሞገዱ አይታይም።»

«ሞገድ የሌለው ባሕር» አሉ ሀጂ ጉቱ፣ እሱን ሳይሆን ሌሎቹን ሽማግሌዎች እያዩ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁም፤ አብዶንም ሀጂ ብለው አልጠሩትም።

ሦስት ቀን ቆይተው አብዶ መጋዘን ሳለ ወደ ልጃቸው ቤት መጡ። ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነበር የተቀመጡት።

«ልጄ፣ ባልሽ የት ነው የከረመው?»

ፋጡ የሰማችው አልገባትም። «ሐጅ ነዋ፣ አባ።»

«ያን ባሕር እኔ አውቀዋለሁ። ዘይላ ላይ ነፋስ እስኪነሣልን ስንጠብቅ ጨረቃ ሞልታ ጎድላለች። ከተነሣን በኋላም ባሕር ላይ የሞቱትን እየጣልን ነው የተሻገርነው። አንድ ሰው ከአንድ ሶላት እስከሚቀጥለው ሶላት ተሻገርኩት ቢለኝ አልሰማውም።»

«አውሮፕላን እኮ ነው።»

«አውሮፕላን አይቻለሁ፤ በጣሊያን ጊዜ ቦምብ ሲጥል። ይመጣል፣ ይጮኻል፣ ይሄዳል። ባሕር ሲሻገር ግን አላየሁም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ናዝሬት ደርሶ ወር መቀመጥ ለእህል ነጋዴ አይከብድም። ዘምዘም ነው የተባለ ውኃም ከየትም ይቀዳል። ሴት ካለችው ደግሞ ቤት አላት፣ ምግብ አላት። እኔ አለችው አላልኩም። ዐይንሽን ክፈች ነው የምልሽ።»

ከዚያን ቀን ጀምራ ፋጡ ባሏን እንደ እንግዳ ሰው ታየው ጀመር። ሲበላ ታየዋለች፤ ድሮ ይወደው የነበረውን ገንፎ ገፋ ሲያደርግ ሌላ ሴት ያስለመደችውን ምግብ ያስባል ትላለች። ሲጠሩት ታየዋለች፤ መንገድ ላይ «ሀጂ አብዶ» ሲሉት የተሰደበ ያህል ፊቱ ይጨማደዳል። ናዝሬት ደርሶ ሲመጣ ልብሱን ላጥብ እያለች ታሸተዋለች። የስንዴና የናፍታ ሽታ እንጂ ሌላ አታገኝም፤ አለማግኘቷ ግን አያጽናናትም፤ ጠንቃቃ ነው ማለት ነው ትላለች።

ወሬው ደግሞ ከቤቷ ቀድሞ ወጥቶ ኖሯል። ሀጂ ጉቱ ለአንድ ሽማግሌ የነገሩትን ሽማግሌው ለሦስት ነገረ። አሰላ ጭቃዋን እንጂ ወሬዋን ይዛ አታውቅም። ውኃ ለመቅዳት ስትወርድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ ስታልፍ ይቀጥላሉ።

በመጨረሻ ፋጡ ጎረቤታቸውን አቶ ኃይለመስቀልን ልትጠይቅ ቆረጠች። አቶ ኃይለመስቀል የትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ከነፍጠኛ ቤተሰብ ቢወለድም ከአማርኛው ይልቅ ኦሮምኛ የሚቀናው ሰው። አባቷንም ይዛ ሄደች። መምህሩ ወንበር ስቦላቸው ነገሩን ከሰማ በኋላ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ወሰዳቸው።

«አንድ ክር ስጭኝ» አላት።

ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ክር መዛ ሰጠችው። ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ ወጠረና በጣቱ ለካ። ያንኑ ክር ሳያስረዝም፣ ሳያሳጥር አነሣና አንዱን ጫፍ አሥመራ ላይ አድርጎ ወደ ሰሜን ዘረጋው። ሌላው ጫፍ ባሕሩን ተሻግሮ ጅዳ ላይ አረፈ።

«ይኸው። በሰማይ ሲታሰብ ከአዲስ አበባ አሥመራ ያለውና ከአሥመራ ጅዳ ያለው እኩል ነው። አሥመራ በመኪና የሦስት ቀን መንገድ ይመስለናል፤ መኪና ተራራ ይዞራል፣ ወንዝ ይጠብቃል። አውሮፕላን አይዞርም። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ቢፈጅበት ነው። አብዶ ያለው ልክ ነው።»

ሀጂ ጉቱ ክሩን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት።

«በወረቀት ላይማ ሁሉም ቅርብ ነው፣ ልጄ» አሉት በትሕትና። «አንተ አልዋሸህም። ይሄን ወረቀት የሣለውን ሰው ግን አላውቀውም። በእግሩ ለክቶት ይሆን?»

አቶ ኃይለመስቀል ሊስቅ ፈልጎ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ተወው።

ፋጡ ግን ክሩን አመነች። ያመነችው ነገር እንደሚያሳርፋት ጠብቃ ነበር፤ አላሳረፋትም። አውሮፕላኑ እውነት ከሆነ ባሏ ለምን የሸሸ ሰው ፊት ያሳያል? ስታስብ ስታስብ አንድ ነገር ታያት። አብዶ ስለ አውሮፕላኑ ሲጠየቅ አይደክመውም። ሞተሩ እንዴት እንደሚያጓራ፣ ወንበሩ ላይ በቀበቶ እንዴት እንደታሰሩ፣ አንድ የወሎ ሽማግሌ ከደመና በላይ መሆናቸው ሲነገራቸው የመጨረሻ ሰዓታቸው መስሏቸው ሸሃዳ መድገም እንዴት እንደጀመሩ፣ ሁሉን ይናገራል። ስለ አረፋ ሲጠየቅ ግን፣ ሐጃጁ ሁሉ ቆሞ ስለሚውልበት ስለዚያ ቀን፣ «ብዙ ሰው ነበር፤ ፀሐዩ ከባድ ነው» ብሎ ወሬ ይለውጣል። አባቷ ስለ ባሕሩ ብቻ ሲጠይቁ እሱ የሚያመልጥበትን በር ራሳቸው ከፍተውለት ኖሯል።

አንድ ጊዜ በምሳ ሰዓት፣ እንደ ዋዛ፣ «አረፋ ላይ ምን ለምነህ መጣህ?» አለችው።

አብዶ ጉርሻውን መለሰ። «ለሁላችንም» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሣ።

በማግስቱ፣ የታመመች አክስቴን ልጠይቅ ብላ በጭነት መኪና ሲሬ ሄደች። አክስቷ ደኅና ናት። የፈለገችው ሀሰኖን ነው፤ ሀሰኖ ሲሬ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ከአብዶ ጋር በአንድ አውሮፕላን ሐጅ የሄደ ሰው ነው። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ዐወቃትና ከመቀመጫው ተነሣ።

«እህቴ፣ በሰላም ነው? ትኩሳቱ ተመለሰበት እንዴ?»

ፋጡ ስለ ትኩሳት ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ ፊቷን ግን ያዘችው። «አልተመለሰም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እሱ ሲናገር ያሳጥረዋል። ካንተ ልስማው ብዬ ነው።»

ሀሰኖ ትንሽ አመነታ፤ ታውቅ አታውቅ እንደሆነ የተጠራጠረ መሰለ። ሰውዬው ግን የዋህ ነው። በርጩማ አቀረበላት።

«ምን የሚረዝም አለው ብለሽ ነው። ከአሥመራ ስንነሣ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከአዋሽ በረሃ ይዞት የመጣው ወባ ሳይሆን አይቀርም። አውሮፕላኑ ሲያርፍ በሁለት ሰው ተደግፎ ወረደ። እዚያው ጅዳ ሐኪም ቤት አስገቡት። እኛ ወደ መካ፣ ከዚያም ወደ አረፋ ሜዳ ስንሄድ እሱ ሰው አይለይም ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ቀብረውት እናገኘዋለን ብዬ ነበር። ስንመለስ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ከዚያ መካ ወሰድነው፤ ካዕባን ዞረ፣ አለቀሰ። የአረፋ ቀን ግን አልፏል። አረፋን ያጣ ሐጅ የለውም፤ በሌላ ዓመት መመለስ አለበት። ያንን ይዞ ነው የመጣው።»

ፋጡ ወደ አሰላ በምትመለስ መኪና ላይ ከስንዴ ጆንያዎች መሀል ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ አላየችውም። ናዝሬት ያለችው ሴት ከልቧ ላይ ተነሥታ ሄዳለች፤ ቀድሞም አልነበረችም። ግን ደስታው ሙሉ አልሆነላትም። የአረፋ ዕለት እሷ ቤት በግ ታርዶ፣ ሰው ለባሏ ዱዓ እያደረገ ሲበላና ሲጠጣ፣ እሱ በሰው አገር ብቻውን ተኝቶ ነበር። ይህንን ደብቋታል። ለእሷ እንኳ ያልሰበረውን ዝምታ ምን ብላ ትጥራው?

በማግስቱ ጠዋት መጋዘኑ ሄደች። ሠራተኞቹ ውጭ መኪና እየጫኑ ነበር። አብዶ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል።

«ሀሰኖን አግኝቼው መጣሁ» አለችው።

አብዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ከአውቶቡሱ ስወርድ ልነግራችሁ ነበር» አለ። «አንዱ እግሬ ገና ደረጃው ላይ ሳለ ጥምጣሙን አደረጉልኝ። ዝናብ ላይ ቆመው የዋሉ ሰዎች ናቸው። እንዴት ብዬ? ነገ እናገራለሁ አልኩ። በነጋ ቁጥር አፌ እየከበደ ሄደ።»

«አባቴ ስለ አውሮፕላኑ ሲያፋጥጡህስ?»

«ደስ አለኝ። እሱ እውነት ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ስለ እሱ ብቻ ቢጠይቁኝ ብዬ ተመኘሁ።»

«እኔ ናዝሬት ሴት አስቀምጠሃል ብዬ ነበር።»

አብዶ ቀና ብሎ አያት። የተቆጣ አልመሰለም፤ የደከመ መሰለ። «ስታሸችኝ ዐውቄያለሁ» አለ። «ንገረኝ ብትዪኝ እነግርሽ ነበር። አልጠየቅሽኝም።»

«አንተስ ሳልጠይቅህ አትነግረኝም?»

ፋጡ ጎኑ ተቀመጠች። «ተነሥ፣ አባቴ ዘንድ እንሂድ» አለችው ኋላ። «ከሌላ ሰው ከሰሙት እስከ ዕለተ ሞታቸው አያናግሩህም።»

ሀጂ ጉቱ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከቤታቸው ደጃፍ ብቅ ባለችው ፀሐይ ተቀምጠው ነበር። አብዶ ፊታቸው በርከክ አለ።

«ሀጂ፣ እኔን መጠርጠርዎ ትክክል ነበር።»

«በአውሮፕላን አልሄድክም» አሉ ሽማግሌው፣ የጠበቁትን እንደሰማ ሰው።

«ሄጃለሁ። ያልሄድኩት አረፋ ነው።»

ሁሉንም ነገራቸው። ሀጂ ጉቱ አላቋረጡትም። ሲጨርስ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔም ቀኑ አልፎኝ ነበር» አሉ። ፋጡ ይህን ሰምታ አታውቅም። «ያቺ ጀልባ ነፋስ አጥታ ባሕር ላይ ቆማ ቀረች። ጅዳ ስደርስ ሰው ከሐጅ እየተመለሰ ነበር። እስከሚቀጥለው ዓመት በሰው ቤት ውኃ እየተሸከምኩ ቆየሁ። አንተ ለምን አልቆየህም?»

«የመመለሻው አውሮፕላን ቀን ተቆርጦለታል። እሱ ካመለጠኝ መመለሻ የለኝም።»

«ስለዚህ ፈጥነህ ደርሰህ፣ ፈጥነህ ተመለስክ።» ቃሉ ነቀፌታ ይመስላል፤ ድምፃቸው ግን ለስልሶ ነበር። ከዚያ ወደ አብዶ ጎንበስ አሉ። «እስቲ አሁን እውነቱን ንገረኝ። በዙሁርና በአስር መሀል ነው?»

«ወላሂ፣ በዙሁርና በአስር መሀል ነው።»

ሀጂ ጉቱ መሬት መሬቱን አዩ። «ቶላ በረሃው ላይ ሲወድቅ፣ ገና ሩቅ ነው፣ አሁን አትድከም፣ በርታ እያልኩ ነበር የምለምነው። ሩቅ ነው እያልኩ። ይኼን ሁሉ ዓመት የገደለው ርቀቱ ነው ብዬ ነው የተጽናናሁት። አሁን ሰው መጥቶ አንድ ቀትር ነው ሲለኝ...» ሊጨርሱት አልቻሉም። ፋጡ አባቷ ሲያለቅሱ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። አብዶ እጃቸውን ያዘ።

ቆይተው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የናዝሬቷን ሴት የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ቤትሽን በጠበጥኩት። አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

«አፉ ብያለሁ፣ አባ» አለች። በአፏ ብላ ነበር፤ ከልቧ ለማለት ግን ጊዜ ወስዶባታል።

አርብ ከጁምዓ በኋላ አብዶ ሰው ፊት ቆሞ ሀጂ እንዳይሉት ነገራቸው፣ ምክንያቱንም ሳይሸሽግ ተናገረ። ሀጂ ጉቱም ከጎኑ ቆሙ። ጥቂቶች ወንድነት ነው አሉ። ብዙዎቹ ግን ዝናብ ላይ የቆሙበትን ቀን አስታወሱና ተቆጡ። ገበያ ላይ የሚቀልዱ ሰዎች «ሀጂ ጅዳ» የሚል ስም አወጡለት፤ ከጅዳ ሐኪም ቤት ያላለፈ ለማለት ነው። ስሙ ሁለት ዓመት ተከተለው። አብዶ ለሰደበው ሁሉ «አዎ፣ ትክክል ነው» ይል ነበር።

በሃምሳ ሦስት እንደገና ተነሣ። በዚህኛው ጊዜ ፋጡና ሀጂ ጉቱ አዲስ አበባ ድረስ ሸኙት። ሽማግሌው ማለዳ ላይ ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አጥሩን ይዘው ቆመው፣ ያ ብረት በሜዳው ላይ ሲሮጥና ከመሬት ሲነሣ፣ እያነሰ ሄዶ ሰማዩ ውስጥ ሲጠፋ አዩ። ፋጡም ባሏ ደረጃውን ወጥቶ እስኪገባና በሩ እስኪዘጋ ዐይኗን አልነቀለችም። ታምነዋለች፤ ቢሆንም ማየት አይጎዳም ብላ ነው።

ከዚያ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሞጆን አልፈው፣ ናዝሬትን አልፈው፣ ኢተያ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ጎማውን ፈትቶ የሚጠግንለት ጎሚስታ ፍለጋ እያንከባለለ ሄደ። ተሳፋሪው ወርዶ ስንዴ ማሳው ዳር ተቀመጠ። ሀጂ ጉቱ ፀሐይዋን አይተው የአስር ሶላታቸውን ሰገዱ፤ ሲጨርሱ ልጃቸው ጎን ተቀመጡ።

«አሁን ተሻግሯል?» አሏት።

«ተሻግሯል፣ አባ። ጅዳ ወርዶ ይሆናል።»

«እኛ ኢተያ እንኳ አልገባንም» አሉ ሀጂ ጉቱ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ረዳቱ የሄደበትን መንገድ ማየት ጀመሩ።